እንቡጥ ሲረግፍ ጣራውን እዩ

ልጆቼ፣ በተለይ የአበባ ሥራ ልትጀምሩ የተዘጋጃችሁ፣

እንቡጥ ሲረግፍ ሰው ሁሉ አፈሩን ነው የሚያየው። ማዳበሪያ አነሰው? ውሃ በዛበት? እኔ ግን ተክሉ ሊሊ ከሆነ መጀመሪያ ቀና በሉና የግሪንሃውሱን ጣራ እዩ እላለሁ፤ ብርሃን አንሶት ይሆናል።

ሊሊ ያታልላል። ኮረቱ፣ ማለትም አፈር ውስጥ ያለው ሽንኩርት መሳዩ ክፍል፣ ባጠራቀመው ምግብ ይበቅላል፣ ቅጠል ያወጣል፣ እንቡጥም ይይዛል። ምንም የጎደለበት አይመስልም። ጉዱ የሚመጣው እንቡጦቹ መፋፋት ሲጀምሩ ነው። ሆላንድ ውስጥ በታኅሣሥ ቀኑ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ እሱም ከደመና ከተረፈ። ኤዥያቲክ የሚባሉት ዝርያዎች ይህን አይችሉም። ኦሪየንታል የሚባሉት ዝርያዎች ይሻላሉ።

ጠጋ ብላችሁ እዩት። እንቡጡ መጀመሪያ ይገረጣል። ቀጥሎ አንገቱ ላይ ቀጭን ስርጉድ መስመር ይወጣል። በጣት ነካ ስታደርጉት እጃችሁ ላይ ይቀራል። ነጥተው የሚደርቁት እንቡጦች ሌላ ናቸው፤ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው እንደተንጠለጠሉ ይቀራሉ። ሁለቱን አታምታቱ።

ጨለማ ሲበዛበት እንቡጡ ራሱ ኤቲሊን ያመርታል፣ ያ ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኢንቻንትመንት በተባለው ዝርያ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ብርሃንም ሆነ ሲልቨር ታዮሰልፌት የተባለው የብር ውህድ ጋዙንም ርግፈቱንም ገትቷል። ብር አካባቢን የሚበክል ከባድ ብረት ስለሆነ ግን እኔ ብርሃኑን እመርጣለሁ።

ስለዚህ መስታወቱን እጠቡ። በጨለማው ወራት አራርቃችሁ ትከሉ። አቅም ካለ የሶዲየም መብራት ስቀሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሙቀቱን ተጠንቀቁ። ቀኑ ሲጨልም ብዙ ሰው ማሞቂያውን ከፍ ያደርጋል፤ አበባው ቶሎ እንዲደርስለት። ተክሉ በሙቀቱ ይቸኩላል፣ ብርሃኑ ግን የሚበላውን አይሰጠውም። ከዚያ እንቡጡን ይጥላል። ብርሃን ሲቀንስ ሙቀቱንም ቀንሱ። አበባው ይዘገይ፣ ምን ይጠበስ!

እኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ነው፤ በዚህ ታድለናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደመናው አለ፣ የጣራው ላስቲክም አቧራና አልጌ ይዞ ይከርማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ የረገፈው እንቡጥ የዛሬ ጉዳይ አይደለም፤ ያለፉት ጨለማ ቀናት ውጤት ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ስታዩ "ብርሃንማ ሞልቷል" ብላችሁ ወደ ፀረ ተባዩ አትሩጡ። መዝገባችሁ ላይ ሙቀትና እርጥበት ብቻ ካለ፣ ከነገ ጀምሮ የብርሃን ዓምድ ጨምሩበት።