ለ«ጎንደር» ቤት የሚመታ ቃል

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ነው። ዜማ የሚደርስ ጓደኛ አለኝ፤ ግጥሙን የምሠራለት እኔ ነኝ። ስለ ከተማችን ዘፈን ጀምረን በ«ጎንደር» ለጨረስኩት ስንኝ ከ«መንደር» ሌላ የሚገጥም ቃል አጣሁ። «ሀገር» ብዬ ብጨርሰው ጓደኛዬ «ቤት አይመታም» አለኝ። የቀረው ግጥሜም በ«ች» እና በ«ው» እየተቋጨ ስለሚሄድ ርካሽ ነው ይለኛል። በመጨረሻ ፊደላቸው የተደረደሩ ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት ይኖራል? ከሌለስ የሚገጥም ቃል እንዴት ይፈለጋል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ክርክር የረቱት እርስዎ ነዎት። «ሀገር» ከ«ጎንደር» ጋር ቤት ይመታል። በሁለተኛው ግን ጓደኛዎ እውነቱን ነው።

በአማርኛ ግጥም ስንኙ በአናባቢ ሲያልቅ የመጨረሻው ተነባቢም አናባቢውም አንድ መሆን አለባቸው። «ጉዳዩ» እና «በሩ» ሁለቱም በካዕብ ያልቃሉ፤ የእኛ ጆሮ ግን ቤት መቱ አይላቸውም። «ጉዳዩ» የሚፈልገው «ሲሳዩ»ን ነው። ስንኙ በሳድስ ሲያልቅ ደግሞ ከመጨረሻው ተነባቢ በፊት ያለው አናባቢ ይቆጠራል። «ጎንደር» እና «መንደር» ከመነሻቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው አንድ ስለሆነ ሙሉ ቤት ናቸው። «ሀገር» ደውን በገ ቢለውጠውም አናባቢውና ር ስላልተነኩ ጆሮ ያልፈዋል። «ዳር» ደና ርን ይዞ አናባቢውን ስለለወጠ ከ«ሀገር» ይልቅ ይቆረቁራል፤ ዓይን ግን ይበልጥ የቀረበ ይመስለዋል። «ፍቅር» ከ«ጎንደር» ጋር የሚጋራው ርን ብቻ ነው። በዘፈን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፤ እኔ ግን ሽራፊ ቤት እለዋለሁ፤ ያለ ችግር አልመነዝረውም።

አሁን ወደ ፍለጋው። «መንደር»ን ይተዉት። ልክ ስላልሆነ አይደለም፤ አድማጩ «ጎንደር» የሚለውን እንደሰማ ዘፋኙን ቀድሞ «መንደር» ስለሚል ነው። ታዲያ ሌላው ቃል የት አለ? ስም እያሰቡ ስለፈለጉ ነው ያጡት። የአማርኛ ቃል ሀብቱ ያለው በግሡ ውስጥ ነው። በ«ደረ» የሚያልቁትን ግሦች ይጥሩና ንዑስ አንቀጻቸውን ያውጡ፦ አደረ ብሎ ማደር፣ አሳደረ ብሎ ማሳደር፣ አበደረ ብሎ ማበደር፣ ተበደረ ብሎ መበደር፣ ደረደረ ብሎ መደርደር፣ ተንደረደረ ብሎ መንደርደር፣ ተዳደረ ብሎ መተዳደር፣ ተወዳደረ ብሎ መወዳደር። ወደ ትእዛዙ ሲዞሩ «እደር»፣ «ተበደር»፣ «ይደር» ይመጣሉ። «ወደር»ም አለ፤ ወደር የሌለው የምንለው። ከአሥር በላይ ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ ክራር ስለሚደረድር ሰው የምትናገረዋ «መደርደር» ለእናንተ ዘፈን የተፈጠረች ትመስለኛለች፤ «መተዳደር» ግን የቢሮ ሽታ አላት፤ ለዘፈን አልመርጣትም።

«ርካሽ» ወደተባለው ልምጣ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ግሡም የባለቤቱን ምልክት ጭራው ላይ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ስለ አንዲት ሴት የሚወራ ግጥም ዝም ብለው ቢተዉት በ«ች» ያልቃል፤ «እሱን» እያለ የሚሄደውም በ«ው» ያልቃል። ቤቱን የመታው ሰዋስው እንጂ ገጣሚው አይደለም። ይህንን ይመልከቱ፦

ትናንት ከገበያ ወዳጄ መጥታለች፣
እኔን አየችና ፈገግታ ሰጥታለች።

በድምፅ ከሄድን ይህ የተዋጣለት ቤት ነው። «ጥታለች» ከ«ጥታለች»፤ ከዚህ በላይ ምን ይገጥማል? ግን ጆሮ አይደነቅም፤ እንደዚህ ያለ ቤት አንድ ሺህ ማውጣት ይቻላልና። እስቲ ግሦቹን ወደ ውስጥ እናስገባና ዳሩን ለስም እንልቀቅለት፦

ትናንት ስትመለስ ከቅዳሜ ገበያ፣
ፈገግታ ሰጠችኝ ልቤን ማባበያ።

ነገሩ ያው ነው፤ ሴቲቱም ያችው ናት። ነገር ግን «ገበያ» ዳር ላይ ስለወጣ «ማባበያ»ን ጠራ፤ «ማባበያ» ሲመጣ ደግሞ ፈገግታው ፍቅር ሳይሆን መሸንገያ ሊሆን እንደሚችል ተሰማ። ቤት ፍለጋው ሐሳብ አመጣ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ በስድ ንባብ ይጎረብጣል፤ በግጥም ግን ጥንትም የተፈቀደ ነው። ሁለቱም ስንኞች ስድስት ስድስት ቀለም (ሲነበብ የሚቆጠር የድምፅ ክፍል) ሆነው ይከፈላሉ፤ የወል ቤት የሚባለው ነው። ጓደኛዎ በሌላ ልክ ዜማ ከሠራ የቀለሙን ቁጥር ለዜማው ያስረክቡ፤ የዳሩን ቃል ግን አያስነኩ።

አዝማሪ ቤት ገብተው «ተቀበል!» ሲባል ያዳምጡ። ከእንግዶቹ አንዱ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። የራሱን ሲያወጣ ደግሞ የመጀመሪያውን ስንኝ ይደግመዋል፤ በመሐሉም ማሲንቆውን ያስረዝማል። ለማሳመር ብቻ አይምሰልዎ፤ ጊዜ እየገዛ ነው። ከዚያ የሚበልጠውን ምስጢር ግን ከሕዝብ ግጥማችን ራሱ ማየት ይቻላል፦ በብዙዎቹ ባለ ሁለት ስንኝ ግጥሞች ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ዛፍ፣ ወንዝ ወይም በቅሎ ጠርቶ ቤቱን ያዘጋጃል። ስለዚህ ሁለተኛውን አስቀድመው ይሥሩ። ለእርስዎ ዘፈን «ያላንቺ ጨነቀኝ አንዲት ሌሊት ማደር» የሚል ሐሳብ ቢኖርዎ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ወጥተው «ጎንደር»ን ያስቀምጣሉ፦

ዘመድ ሞልቶኝ ሳለ ከአዘዞ እስከ ጎንደር፣
ያላንቺ ጨነቀኝ አንዲት ሌሊት ማደር።

(ሲዘፈን «ካዘዞስከ» ተብሎ ይዋጣል፤ ቀለሙ የሚሞላው በዚያ ነው።) አድማጩ የሚሰማው ከላይ ወደ ታች ነውና «ማደር»ን ፍለጋ የተደከመ አይመስለውም። ከ«ጎንደር» ጀምረው ወደ ታች ቢሄዱ ኖሮ ቁም ነገሩን ለቤቱ ሲሉ ይሸጡት ነበር።

መዝገበ ቃላቱን በተመለከተ፦ በተለምዶ እጃችን ላይ ያሉት በመነሻ ፊደል የተደረደሩ ናቸው፤ ገጣሚ የሚፈልገው ደግሞ መድረሻውን ነው። የራስዎን ደብተር ያውጡ። ለ231ዱ ፊደል ሁሉ ገጽ አያስፈልግም፤ ዘፈን አዘውትሮ የሚያርፍባቸው ጥቂቶች ይበቃሉ። ኮምፒውተር ካለዎት ቃላቱን በየመስመሩ ጽፈው በመጨረሻ ፊደል መፈለግ ይችላሉ፤ ዝርዝሩ ግን ከራስዎ አንደበት የወጣ ይሁን። በአፍዎ የማያውቁትን ቃል ለቤት ሲሉ ብቻ ከመጽሐፍ ካመጡት ዘፋኙ አፍ ላይ ይታወቃል። የቅኔ ተማሪ ይህን ያውቃል፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ የቅኔ ዓይነት 2 ቤት (ስንኝ) ነው፣ መወድስ የሚባለው ግን 8 ይደርሳል፤ ስለዚህ ቃል የሚያጠራቅመው ቅኔ ከመቁጠሩ በፊት ነው። ለ2 ስንኝ ቃል አጣሁ የሚል የዘፈን ግጥም ደራሲ እዚያ ቢሄድ ይሳቅበታል፤ በፍቅር ነው የምለው።

ደብተሩን ሲያዘጋጁ ለጆሮ እንጂ ለዓይን አይገዙ። «ፒያሳ» ብለው ስንኝ ቢጨርሱ፣ ከተማው ውስጥ የታወቀ ቦታ ነውና መቼም አይቀርልዎትም፣ «አበሳ»፣ «ጠባሳ»፣ «ወቀሳ»፣ «ካሳ» ይከተሉታል። «ተነሣ»ም ይከተላል፤ በንጉሡ ሠ መጻፉ ለዜማ ምኑም አይደለም። በተቃራኒው ፊደሉ አንድ ሆኖ ድምፁ የሚለይበት አለ። የልደት በዓል የሆነው «ገና» ናው ይጠብቃል፤ «ገና ነኝ» ስንል ይላላል። ሲነበብ ይህ ልዩነት ይሰማል፤ ሲዘፈን ዜማው ስለሚያስረዝመው ይሸፈናል። ስለዚህ ለዘፈን እፈቅደዋለሁ፤ ለሚነበብ ግጥም አልፈቅድም።

አንድ ቃል በሁለቱም ስንኝ ዳር መድገም ይቻል እንደሆነም ሳይጠይቁ አይቀሩም ነበር። ትርጉሙ ያው ከሆነ ቤት መምታት ሳይሆን መድገም ነው። ትርጉሙ ከተለየ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቤት እሱ ነው። «ተማረ»ን ይውሰዱ፤ አንደኛው ስንኝ ላይ ቀለም ቆጥሮ የተማረ፣ ሁለተኛው ላይ ምሕረት አግኝቶ የተማረ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ሰምና ወርቅ ይጀምራል፤ ስለዚያ ግን ሌላ ጥያቄ ይላኩልኝ። ለጊዜው «ፒያሳ»ን ከ«ወቀሳ» ጋር ይሞክሩት፤ «ካሳ»ን ብዙ ሰው ደክሞበታል።