ባለ24 ሰዓቱ የእጅ ሰዓት ለምን እጥፍ ይሮጣል?

የዘጌው ወንድሜ፣ ከ1 እስከ 24 የተጻፈበት የእጅ ሰዓትህ ባሕር ዳር ከተጠገነ ወዲህ አስቸግሮሃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ 24 ላይ ታደርገዋለህ። ጠዋት 3 ሲሆን 6፣ ቀን 6 ሲሆን 12 ይላል። ደቂቃው ግን ልክ ነው። ባትሪም አስቀይረሃል።

ባትሪውን ተወው። የደከመ ባትሪ ሰዓት ያቆማል እንጂ እጥፍ አያስሮጥም። እኔ የምጠረጥረው ማሽኑን ነው፤ ጠጋኙ ትንሹን ቆጣሪ በ12 ሰዓት አንዴ የሚያዞረውን ርካሹን ባለ12 ገጥሞልሃል። ሳትከፍተው ፈትሸው። ማስተካከያውን ሳብና ትልቁን (የደቂቃውን) ቆጣሪ አንድ ዙር አዙር። ትንሹ ሁለት ቁጥር ከሄደ፣ በቃ እሱ ነው።

ይህቺን ማስረዳት ስለምወድ ታገሠኝ። ትንሹ ቆጣሪ የሚዞረው ከትልቁ በማርሽ ተቀንሶ ነው። አንዱ ጥንድ ማርሽ 3 እጥፍ፣ ሌላው 4 እጥፍ ቢያዘገየው፣ 3 በ4 ሲባዛ 12። ትልቁ 12 ጊዜ ሲዞር ትንሹ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። 4 በ6 ቢሆን ደግሞ 24 ይመጣል። ያኔ ትንሹ በሰዓት የሚሄደው 30 ዲግሪ ሳይሆን 15 ብቻ ነው። ልዩነቱ ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ቆጣሪውን መቶ ጊዜ ነቅለህ ብትመልሰው ያው ነው።

ክዳኑን ስትከፍት መጀመሪያ ባትሪውን በፕላስቲክ ፒንሴት አውጣና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፍበት። ይህቺ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ታቃጥላለች። ልጅ ከዋጠ ምልክት ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ቆጣሪዎቹን ነቅለህ ገጹን አንሳና ከሥሩ ያሉትን፣ ገጹን ከማሽኑ የሚያያይዙትን ሁለት ቀጫጭን እግሮች እይ። ተቆርጠው ገጹ በማጣበቂያ ተለጥፎ ከሆነ አልገረምም። እንዲህ ያለ ሥራ ያበሽቀኛል! ሙቀት ሲነካው ማጣበቂያው ይለቃል፣ ገጹ ይንሸራተታል፣ ቆጣሪው ይነካካል።

ባለ24 ማሽን ስትፈልግ ገጹንም ቆጣሪዎቹንም ይዘህ ሂድ፤ ቀዳዳቸው ካልገጠመ ዋጋ የለውም። ካጣህ ባለ12 ገጽ አስገጥምና ተገላገል። ስትገጥም ሁለቱንም ቆጣሪዎች ልክ 24 ላይ ጫን። ጀልባ ላይ የምትውል ከሆነ የክዳኑንም ጎማ በአዲስ ቀይር።

በእኛ አቆጣጠር ከሞላኸው እስከ 12 እንዳለ አንብብ፤ ከዚያ ወዲያ 12 ቀንስ። 13 ማታ 1፣ 18 እኩለ ሌሊት ነው። በውጭ አቆጣጠር የተሞላ ካገኘህ ትንሹን ሩብ ዙር ወደ ኋላ መልሰው።

የወጣችውን ባትሪ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ እንዳትተዋት።