ባቡር ሐረጎን ለምን አልወጣም? የባቡር ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ ከአዋሽ የመጣው ሐዲድ ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ደሴን ትቶ ወደ ሃራ ገበያ ይዞራል። ይህን የምታክል ከተማ እንዴት ትዘለላለች? የጭነት መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሌት ተቀን እየወጣ ባቡር ምን ሆኖ ነው የማይወጣው?

መልስ፦ ጥፋቱ የዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ይህን 650 ሜትር ያህል ልዩነት መኪና በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንገድ ይጨርሰዋል፤ ቢከብደው ማርሽ ቀንሶ ያዘግማል እንጂ አይቀርም። ባቡር ግን ሌላ ሒሳብ አለው።

ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል እጅግ ቀላል ነው። አንድ ቶን ጭነት በሜዳ ሐዲድ ላይ ለመሳብ የ2 ኪሎ ግራም ጉልበት ይበቃል፤ የጭነት መኪና ጎማ አስፋልት ላይ ለዚያው ቶን ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይጠይቃል። ባቡር አንድ ሺህ ቶን እየጎተተ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ዳገት ሲመጣ ግን ያ ትርፍ ይጠፋል። በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር የሚወጣ ሐዲድ፣ ማለትም መኪና ነጂ ዳገት ብሎ የማይጠራው፣ በእያንዳንዱ ቶን ላይ 20 ኪሎ ይጨምራል። 2 የነበረው 22 ሆነ፤ አሥራ አንድ እጥፍ ማለት ነው።

ለ1,000 ቶን ባቡር ይህ የ22 ቶን ጉልበት ነው። 130 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ሐዲዱ ደረቅ ከሆነ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል፣ 39 ቶን ገደማ፣ ሳይንሸራተት መሳብ ይችላል። ሐዲዱ ከረጠበ ይህ በግማሽ ይወርድና ከ20 ቶን በታች ይሆናል። ሞተሩ ኃይል ሳያንሰው ጎማው እዚያው ቆሞ ይሽከረከራል። ነጂው ከጎማው ፊት ባለች ቧንቧ ደረቅ አሸዋ እየነፋ ይታገላል፤ እሱም ካልያዘ ፉርጎ መቀነስ ወይም ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ መቀጠል ነው። የሐረጎን የክረምት ጉምና ካፊያ ለደሴ ሰው አንነግርም።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል። ያ ሁሉ ክብደት ፍሬን ላይ ያርፋል፣ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ስለዚህ ዳገቱ በ2 በመቶ ይወሰን ከተባለ 650 ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 32 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል፤ ለዚያውም አንድም ሜዳ ሳያርፍ። መኪና በጠባብ ጥምዝ ተጣጥፎ ይወጣል፤ የባቡር ጥምዝ ግን ራዲየሱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ካልሆነ የጎማው ጠርዝ ሐዲዱን እየፋቀ ይበላዋል። ያን ሰፊ ጥምዝ ገደሉ ላይ የት ያሳርፉታል? ዋሻ ውስጥ ካልሆነ ቦታ የለም፣ ዋሻ ደግሞ ገንዘብ ነው። ወጥቶ እንኳ ቢደርስ፣ ጣቢያ ለጥ ያለ ረጅም መሬት ይፈልጋል፣ ያለዚያ የቆመ ፉርጎ በራሱ ይነሳል። በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል ያለው የደሴ መሬት ደግሞ ቤት የሞላው ነው። ሐዲዱ ወልዲያ ከተማ ሳይገባ ዝቅ ብሎ ሃራ ላይ የቀረውም በዚሁ ሒሳብ ነው።

በእኛ እምነት ደሴዎች መጠየቅ ያለባቸው የመንገደኛ ባቡር ሲጀመር ኮምቦልቻ ጣቢያ በር ላይ ባቡር ጠብቆ የሚነሳ አውቶቡስ ነው። በአዲሱ የጅቡቲ መስመር ላይ ተሳፋሪውን ያስመረረው ከከተማ የራቀ ጣቢያ ነውና።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ አባቴ በወጣትነታቸው በድሮው ባቡር ከለገሃር ድሬዳዋ ተጉዘዋል፤ እስከ ዛሬ አንስተው አይጠግቡም። በአዲሱ ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ምን ልዘጋጅ? የድሮውስ ጨርሶ ጠፍቷል?

መልስ፦ የከሚሴው ሐዲድ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት ስላልጀመረ መነሻችሁ አዲስ አበባ ነው። አባትዎ ወደ ለገሃር እንሂድ ሊሉ ይችላሉ፤ የአሁኑ መነሻ ግን ፉሪ ለቡ ነው፣ በከተማው ሌላ ጫፍ። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ከከሚሴ ከመነሳታችሁ በፊት ቀኑን አረጋግጡ። ቲኬት ሲቆረጥም ሲገባም መታወቂያ ይጠየቃል። ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ዕቃ ይፈተሻልና። ለአዛውንት ከመቀመጫ ይልቅ አልጋ ይሻላል፤ ባለ ሦስት ደርቡ ከሆነ የታችኛውን ያስይዙ፣ ላይኛው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ስንቅና ውኃ ከቤት ይያዝ። ሐዲድ ላይ የገባ ከብትና የመብራት መቆራረጥ ጉዞውን ያዘገያሉ፤ በዚያው ቀን ሌላ ቀጠሮ አይያዙ።

በሄዳችሁበት አቅጣጫ በግራ መስኮት በኩል ተቀመጡ፤ መተሐራ አካባቢ የፈንታሌ ተራራ በዚያ በኩል ይታያል።

የድሮው መስመር ከጅቡቲ በ1897 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። አዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ፣ መንገደኛውም አዋሽና ድሬዳዋ ያድር ነበር። አዋሽ ያለው የጣቢያው ቡፌ ቤት ከዚያ ዘመን የቀረ ነው፤ በመኪና ስትመለሱ ምሳ ብሉበት።

ድሬዳዋ ስትደርሱ ከአዲሱ ጣቢያ ወደ ከተማ ባጃጅ ያዙ። አሮጌው ጣቢያና የጥገና ጋራዡ መሃል ከተማ ናቸው። ፈቃድ በሩ ላይ ይጠየቃል፤ ከተፈቀደ ግማሽ ቀን ስጡት። ከድሮው ሐዲድ ጎን ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ በብረቱ ወገብ ላይ ጎልተው የወጡ ፊደላትና ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ ፋብሪካውንና የተሠራበትን ዓመት የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ዝገቱን በደረቅ ጨርቅ ማሸት ይበቃል፣ በብረት አይፋቅ።

ጥያቄ (ከወልዲያ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ፍጥነቱን በምን ላውቅ እችላለሁ? ስልኬ ኔትወርክ ሲያጣ ማለቴ ነው።

መልስ፦ ሰዓት ብቻ ያዝ። ከሐዲዱ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክቶች አሉ። ከአንዱ እስከ ሚቀጥለው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠርና 3,600ን ለዚያ ቁጥር አካፍል። 45 ሰከንድ ከሆነ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ 30 ከሆነ 120 ነው፤ 120 የአዲሱ የመንገደኛ ባቡር ከፍተኛ ፍጥነት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አትለካ፤ ሦስት ተከታታይ ኪሎ ሜትር ለክተህ አማካዩን ውሰድ።

በድሮው ባቡር ጆሮም ይበቃ ነበር። ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም በአንዱ ሐዲድና በቀጣዩ መካከል ክፍተት ይተዋል፦ 12 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ያ «ቀጭ ቀጭ» ጎማው ክፍተቱን ሲመታ የሚሰማ ነው። የሐዲዱን ርዝመት በሜትር በ3.6 አባዛ፤ በዚያን ያህል ሰከንድ የሰማኸው የምት ብዛት ፍጥነቱ ነው። ለ12 ሜትር ሐዲድ 43 ሰከንድ ቁጠር፤ 50 ጊዜ ከመታ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ነው። ከአንድ ጎማ የሚመጣውን ምት ብቻ መቁጠር ግን ልምድ ይጠይቃል፤ ጀማሪ የሁለቱን ጎማ ምት እየደባለቀ እጥፍ ያገኛል። አዲሱ ሐዲድ እርስ በርሱ ስለተበየደ ይህን ድምፅ አትሰማበትም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ባቡር ስለማያልፍበት ሐዲዱ ላይ ወጥቼ ፎቶ ባነሳ ችግር አለው?

መልስ፦ አይውጡ። መስመሩ የተሠራው ለ25,000 ቮልት ነው፤ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ መቼ ኃይል እንደሚለቀቅበት ከውጭ ሆኖ ማወቅ ስለማይቻል ሁልጊዜ ኃይል እንዳለበት ይቁጠሩት። በዚህ ቮልት ሽቦውን መንካት አያስፈልግም፣ መቅረብ ይበቃል፤ ከ2 ሜትር በላይ ይራቁ። የስልክ ዘንግ፣ ረጅም እርጥብ እንጨት፣ ፉርጎ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ፎቶውን ከሕዝብ መንገድ ሆነው ያንሱ፣ ጥበቃ ካለም አስቀድመው ያስፈቅዱ። ጠዋት ፀሐይዋን ከጀርባዎ አድርገው ወደ ምዕራብ ቢያነሱ ተራራውም ሐዲዱም ደህና ይወጣሉ።