ጥርሳችሁን አትሸፍኑ

ልጆቼ፣ አዳማ ላይ ጥርስ ሳክም ነው ያረጀሁት። ጥርሳቸው ስለበለዘ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ወጣቶች ሞልተዋል። «ዶክተር፣ ጠዋት ማታ እፍቃለሁ፣ አልለቅ አለኝ» ይሉኛል። አይለቅም፣ ቆሻሻ አይደለማ! የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፤ እኛ ጋ ከዚያ እጥፍ ድርብ ያለው ጉድጓድ አለ። ልጅ ጥርሱ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ይህን ከጠጣ በልዞ ይበቅላል።

አያቴ ከከምባታ ወንጂ የገቡት ጎልማሳ ሆነው ነው። ስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ፣ እንጀራ ፍለጋ። ጥርሳቸው ወተት ነበር። እዚያው ካምፕ የተወለደው አባቴ ግን ጥርሱ ቡናማ ነው፤ የኔም እንደሱ። ማን የት እንዳደገ ጥርሳችን ይናገራል።

አያቴ አገዳ ቆራጭ ነበሩ። ቅጠሉ እንዲነድ አገዳው አስቀድሞ ይቃጠላል። ማታ ሲገቡ ከዓይናቸው በቀር ጥቀርሻ ናቸው። ስኳሩ የሚበዛው ወደ ሥሩ ስለሆነ ቆራጭ አጎንብሶ ነው የሚውለው። በዚያ ሐሩር ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል። ያደገ ሰው ጥርሱ አይበልዝም፤ አጥንቱ ግን ፍሎራይዱን ያጠራቅማል፣ ይደርቃል። በስተርጅና አንገታቸው አልዞር አለ። ሲጠሯቸው በሙሉ ሰውነታቸው ነበር የሚዞሩት። ጎረቤት «ኩራት ነው» ይል ነበር። ቤተሰቡ ደግሞ «ብርድ ነው» እያለ በቅቤ ሲያሽ ኖረ።

ዘር ስንቆጥር ፊታውራሪ ካልተገኘ ዝም እንላለን። የቀን ሠራተኛ አያት ያለው «ገበሬ ነበሩ» ብሎ ያልፋል። ምን ያሳፍራል? በሕይወት ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ከአለቃቸው ጋር በምን ቋንቋ ይግባቡ ነበር? ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ የማንን ዱቤ ይከፍሉ ነበር? ውሃስ ከየት ይቀዱ ነበር? የመጨረሻዋን የምጨምራት እኔ ነኝ፣ ሐኪም አመሌ ነው።

ጥርሱን ማሳመር ለሚፈልግ ሕክምና አለ፤ ኪሳችሁ ሲፈቅድ ትደርሱበታላችሁ። የሚያስቸኩለው የታናናሾቻችሁ ነው። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይብሳል። ስለዚህ ቢያንስ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውሃ ፈልጉላቸው። ክረምት ላይ ንጹሕ ቆርቆሮ ካላችሁ የዝናቡን አጠራቅሙ፣ እሱን አፍልታችሁ ስጧቸው።