ካርዱን ከስላብ ስናወጣ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ስመጣ ቤዝቦል ምኑም አይገባኝም ነበር። መጀመሪያ የወደድኩት ጨዋታውን ሳይሆን የተጫዋቾች ምስል ያለበትን ካርዱን ነው። ሰሞኑን «የድሮ ካርድ ከስላብ ስለማውጣት ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ለአዲሶች፦ ስላብ የምንለው ካርዱ ተመርምሮ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ከተሰጠው በኋላ የሚታሸግበትን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ፒኤስኤ፣ ኤስጂሲና ቤኬት ካርድ መርምረው የሚያሽጉ ድርጅቶች ናቸው፤ ቶፕስ ደግሞ ካርዱን የሚያትመው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጋሼ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያሳሸገውን ካርድ ለምን ይሰብረዋል?

አንዱ ነጥቡ አንሶብኛል ብሎ እንደገና ሊያስመረምር ይፈልጋል። ሌላው ወደ ሌላ ድርጅት መያዣ ሊያዛውረው ነው። እንደኔ ያለው ደግሞ የአንድ ዓመት ካርዶችን በአልበም ደርድሮ፣ እንደ ፎቶ እየገለጠ ማየት ደስ ይለዋል። ስላብ አልበም ውስጥ አይገባም።

የተጫዋቹ የጃኪ ሮቢንሰን የ1956 የቶፕስ ካርድ አለኝ፤ በፒኤስኤ ስላብ ውስጥ ነው። ከየት ልጀምር?

ከፎቶ ጀምር ወንድሜ። ፊቱንም ጀርባውንም አንሳ፣ የመለያ ቁጥሩም ይታይ። ከዚያ መነጽር አድርግ። ቀልዴን አይደለም፤ ይሄ ፕላስቲክ ሲሰበር ስንጥሩ የት እንደሚበር አይታወቅም።

የሚያስፈልግህ አፉ ስለታም የሆነ ትንሽ መቁረጫ ፒንሳና አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ካቻቢቴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፍ። አሁን ስላቡን በደንብ እየው። ላይኛው ክፍል ላይ ነጥቡ የተጻፈበት ወረቀት አለ፣ ካርዱ ከሱ በታች ለብቻው ተቀምጧል። በመሃላቸው ፕላስቲኩ ራሱ እንደ ግድግዳ ሆኖ ይለያቸዋል። የምትሠራው ከግድግዳው በላይ ብቻ ነው። ወረቀቱ ቢጫር ምንም አይደለም፣ ካርዱ ግን ጉድ ነው።

ስላቡን ወረቀቱ ወደ ላይ እንዲሆን አቁመህ ያዝ። የላይኛውን አንድ ጥግ በፒንሳው ቁረጥ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጥጎቹ ሲነሱ ሁለቱ የፕላስቲክ ገጾች የተገጠሙበት መስመር ይታይሃል። የካቻቢቴውን ጫፍ እዚያ አስገብተህ ቀስ ብለህ ጠምዝዝ። አትግፋ፣ ጠምዝዝ። «ቋ» ይላል፤ አትደንግጥ። ስንጥቁ በጎኑ እየወረደ ይሄዳል። ካልወረደ ትንሽ ወደ ሌላው ጥግ ሄደህ እንደገና ሞክር። ወደ ታች ወርደህ ጎኑን በፒንሳ ለመቁረጥ እንዳትሞክር፤ እዚያ ካርዱ ቅርብ ነው።

ሲላቀቅ አስተኛውና የላይኛውን ገጽ እንደ መጽሐፍ ሽፋን አንሳው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካርዱን ባየ ጊዜ ይቸኩልና በጥፍሩ ቆንጥሮ ሊያነሳው ይሞክራል። መጀመሪያ ስብርባሪውን በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ አባር። በአፍህ አትንፋ፣ ምራቅ አለ። ከዚያ የያዘውን ገጽ አዘንብለው፤ ካርዱ ራሱ ተንሸራቶ ንጹሕ ወረቀት ላይ ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርድህ 2 ኢንች ከ5/8 በ3 ኢንች ከ3/4 ነው። ቶፕስ ዛሬ ወደምናውቀው 2.5 በ3.5 የወረደው በ1957 ነው። ስለዚህ ካርድ የምንከትበት የተለመደው ስስ ላስቲክ አይበቃውም፣ ልኩ ነው ብለህ ብትገፋው ጥጉ ይታጠፋል። ሰፋ ያለውን ሳትሰብር በፊት ገዝተህ አጠገብህ አስቀምጥ።

ሙጫውን በአሴቶን ባስለቅቀውስ? ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትስ?

ሙጫ የለውም። ሁለቱ ገጾች በድምፅ ሞገድ ንዝረት ተበይደው ነው የተጣበቁት። አሴቶን ፕላስቲኩን ያሟሟል፣ የካርዱን ቀለምም ይዞት ይሄዳል። ፍሪዘር ደግሞ ሲወጣ ያልበዋል፤ የድሮ ወረቀት ከውሃ ጋር አይስማማም። መዶሻና ሞርሳም አይሆንም።

ጓንት ላድርግ?

እጅሽን ታጥበሽ በደንብ አድርቂ፣ ይበቃል እህቴ። የጥጥ ጓንት የካርዱን ጥግ ይይዘዋል፣ ጣትሽም ምን እንደነካ አያውቅም።

የኔ በኤስጂሲ ነው፣ ዙሪያው ጥቁር ነገር አለው። የወንድሜ ደግሞ በቤኬት ነው። ያው ነው?

አከፋፈቱ ይመሳሰላል፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ይለያያል። ኤስጂሲ ውስጥ ያለው ጥቁር ክፈፍ ለስላሳ ነው፣ ካርዱን አቅፎ ይዞታል። ካርዱን ከክፈፉ አትጎትት፤ ክፈፉን ከካርዱ ላይ እያጠፍክ አላቀው። መታጠፍ ያለበት ክፈፉ ነው።

ቤኬት ወፍራምና ግትር ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውስጡ ካርዱ በሌላ ላስቲክ ታሽጓል። ያንን በመቀስ ከካርዱ በጣም ርቀህ፣ ጠርዙ ላይ ቁረጠው። ምላጭ አታስጠጋ።

ካርዴ 5 ነው የተሰጠው፤ እኔ ግን 7 ነው እላለሁ። ሰብሬ መልሼ ብልክ ያዋጣል?

ሊሆን ይችላል፣ 4 ሆኖ ሊመጣም ይችላል። የሚመረምረው ሰው ነው። የታወቀው የተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ታሪክ አለ፤ ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ከወጡት ካርዶች አንዱ ነው። ፒኤስኤ በ1991 ሲጀምር መጀመሪያ የመረመረው ይህንኑ ነው፤ 8 ሰጠው። በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 ነጋዴው ቢል ማስትሮ ካርዱ ከመመርመሩ በፊት ጎኖቹን እንደከረከመው ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ቁጥሩ የሰው አስተያየት ነው የምለው ለዚህ ነው። ገበያው ግን ለዚያ አስተያየት ይከፍላል፤ ሰብረህ ስታወጣው የእውነተኛነት ማረጋገጫውም አብሮ ይሄዳል።

ወደ ሌላ ድርጅት ማዛወር ብቻ ከሆነ ፍላጎትህ፣ ከነስላቡ ላከውና «ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ አትክፈቱት» ብለህ ጻፍ። ይህ አገልግሎት አለ። ስላቡ ስለተጫረ ብቻ ከሆነም መያዣውን የሚቀይሩልህ ራሳቸው ናቸው። እኔን ከጠየቅከኝ፣ ለቁጥሩ ብለህ የገዛኸውን ካርድ አትስበር።

ከወጣ በኋላ ወረቀቱን ልጣለው?

አይጣል። ድርጅቶቹ ስንት ካርድ ስንት ነጥብ እንዳገኘ ይቆጥራሉ። አንዱ ካርድ ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ሦስት ጊዜ ቢመረመር፣ ወረቀቱ ካልተመለሰ ሦስት ካርድ ሆኖ ይቆጠራል። መልሰህ ላክላቸው።

ልጄ በስህተት ጥጉን ሰበረው። ካርዱ ደህና ነው። በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?

እንዳያደርጉት እናቴ። ጠርዙ ላይ ነጣ ብሎ እንደ ጉም የሚታይ ምልክት ይቀራል፣ ሊሸጡት ሲሞክሩም ገዢው «ተከፍቶ ካርዱ ተቀይሯል» ብሎ ነው የሚያስበው። እንዳለ ይተዉትና ለድርጅቱ ይላኩት። ልጁንም አይቆጡት።

አንተ አበላሽተህ ታውቃለህ?

እንዴ! ቶፕስ በ1971 ካርዶቹን ጥቁር ጠርዝ አድርጎ አተማቸው። ሲያዩት ያምራል፣ ሲነኩት ግን ይላጣል። የተጫዋቹን የሮቤርቶ ክሌሜንቴን የዚያን ዓመት ካርድ ሳወጣ፣ ካቻቢቴውን ከግድግዳው አሳልፌ ገፋሁት። የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ላይኛው ጥግ ላይ ቀረች። ሌሊቱን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ሳያት አደርኩ። በጥቁር እስክሪብቶ ልቀባት ሁሉ አሰብኩ፤ ያ ደግሞ ማጭበርበር ነው።

እና ክሌሜንቴው አሁን የት አለ?

አልበም ውስጥ። ገጹን ስገልጥ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ነጥቧ ላይ ነው። ልጄ ግን እስካሁን አላየቻትም፣ እኔም አላሳየኋትም።