«ባለበት ሁኔታ» ሸጫለሁ፤ ስንጥቁስ?

የቱሉ ዲምቱ አንባቢያችን ቤታቸውን ሊሸጡ ነው። የሳሎናቸው ግድግዳ በየዓመቱ ይሰነጠቃል። ደላላው «ጂሶ ያስመቱና ቀለም ይቀቡት፤ ውሉ ላይ ‹ባለበት ሁኔታ› ከተባለ ማንም አይጠይቅዎትም» ብሏቸዋል።

እባክዎ አይቀቡት። ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ከመስኮቱ ጥግ ሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጂሶ አያድነውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭና ገዢ ተስማምተው የጉድለት ዋስትናን፣ ማለትም ሻጩ ለቤቱ ጉድለት የሚጠየቅበትን ግዴታ፣ እንዲቀንሱ፣ እንዲያስቀሩም ይፈቅዳል። ሻጩ እያወቀ በተንኮል የደበቀው ጉድለት ካለ ግን ስምምነቱ አይጸናም። በዚያው ሕግ፣ ገዢው ሲዋዋል ያወቀው ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም። ደላላው ይህን አልነገረዎትም! ስንጥቁ መታየቱ የሚጠቅመው እርስዎን ነው፤ ቀለሙ መከላከያዎን ያጠፋብዎታል። ስለዚህ ለገዢው ያሳዩት። ውሉ ላይም «ከሳሎኑ መስኮት ጥግ የሚነሳ ስንጥቅ አለ፤ ገዢው አይቶታል» ተብሎ ይጻፍ። ፎቶውን አባሪ አድርጋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ዋጋው ትንሽ ሊወርድ ይችላል። ይውረድ። ገዢው ይዞ የሚመጣው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ነው።

ከገላን፦ ስሸጥ ሮቶውን ነቅዬ ልውሰድ? ውሉ ላይ ካስጻፉት ይውሰዱ።

የለገጣፎዋ እህታችን መጋቢት ላይ ቤት ገዙ። ሐምሌ ሲገባ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ። ጎረቤት «ድሮም እንዲህ ነበር» ይላል፤ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ስልኩን ይተዉትና ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁት። ገዢ ጉድለት እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ዝም ብሎ የከረመ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ጉድጓዱን ከማስመጠጥዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። «ድሮም ነበር» ያለው ጎረቤት ሻጩ ማወቁን የሚያስረዳ ምስክር ነውና አያጣሉት። ጠበቃ ጋ ደግሞ የግድ ይሂዱ። የክስ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ «ክረምቱ ይውጣና» አይበሉ።

የቡራዩው ወንድማችን ካርታ የሌለው ቤት አላቸው። «ሁሉንም ለገዢው ከነገርኩት መሸጥ እችላለሁ?» ይላሉ።

መንገር ብቻውን አይበቃም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ያለ ካርታ ደግሞ ውልና ማስረጃ አያስተናግዳችሁም፤ መንደር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ያንን አይተካም። መጀመሪያ የይዞታውን ጉዳይ ከተማ አስተዳደሩ ጋ ይጨርሱ። ቀብድ ተቀብለው ከሆነ ይመልሱ።