ጥያቄና መልስ፦ አስተዳደጋችን እስከ የት ይከተለናል?

የቤተሰብ አማካሪ ነኝ። ዛሬ ማታ ጊዜ ስላለኝ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ በዓይኔ ባላየሁት ሰው ላይ አልፈርድም። «እገሌ እንዲህ የሆነው እናቱ ስላቀማጠለችው ነው?» የሚል ጥያቄ ይለፈኝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በትንሽ ነገር ይቆጣል። አባቱም ኃይለኛ ነበሩ። ከሳቸው ይሆን?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ?

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቁጡነት በዘር ነው ወይስ በአስተዳደግ?

መልስ፦ በሁለቱም። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ጋር ይያያዛል። ይህ ግን የብዙ ሰው ስሌት ነው። የራስህን ቁጣ ለሁለት ገምሰህ ግማሹን ለአያትህ አታሸክምም።

ጥያቄ፦ የበኩር ልጅ ኃላፊነት ይሰማዋል፣ የመጨረሻው ይሞላቀቃል የሚባለውስ?

መልስ፦ ትልልቅ ጥናቶች ያገኙት ልዩነት ኢምንት ነው። ቀጥሉ።

አንድ አባል፦ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የተባለው ታዲያ ዝም ብሎ ነው?

ሌላ አባል፦ አባቱን አይተሽ አግቢ ያለ አለ? ሁሌ ምርመራው በሴት በኩል ነው።

አንድ አባል፦ ተረት ነው ያመጣሁት፣ ምን ያስቆጣል?

ሌላ አባል፦ ቁጣዬ ከአስተዳደጌ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም በውስጥ መስመር ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ትናንት ደክሞኝ ጮኽኩባት። እያለቀሰች ተኛች። አበላሸኋት?

መልስ፦ እህቴ፣ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይኼ ነው። ኤድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ሙከራ ሠራ። እናት ከሕፃኗ ጋር ትጫወታለች። ከዚያ ድንገት ፊቷን ድርቅ ታደርጋለች። ሕፃኑ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል። መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል። ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ነው። እኔ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፤ እናትየው ትመለሳለች፣ ታባብላለች፣ ልጁም ቀስ በቀስ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ትሮኒክ እንዳየው ደህና የሚባሉ እናትና ልጅ እንኳ ስሜታቸው የሚገጥመው ሲሶ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ጊዜ መሳትና መታረቅ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ቁጭ በይና በቁመቷ ልክ ሁኚ። «ትናንት ጮኼብሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» በያት። «ግን አንቺም…» እንዳትይ። ያቺ «ግን» ሁሉን ታፈርሳለች። አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል ነው ያለው። የዚያ ክር ቀለም አሁንም አይጠፋኝም።

ሳልረሳው፦ በየቀኑ እየመቱ በየማታው ይቅርታ መጠየቅ እርቅ አይባልም።

ጥያቄ፦ በክፉ ቤት ያደገ ሰው ሕይወቱ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስና ተከታተሉ። ድህነትና የቤት ውስጥ ጠብ ከተደራረበባቸው መካከል ሲሶው ደህና ሰው ሆኖ አደገ። ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ የሚያምኑት ትልቅ ሰው ነበራቸው፤ አያት ይሁን፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። በጉርምስና ከተቸገሩትም ብዙዎቹ ኋላ ላይ ተቃንተዋል።

ጥያቄ፦ ልጅን ማጥበቅ ይሻላል ማላላት?

መልስ፦ ደንብ ይኑር፣ ፍቅርም ይኑር፣ ደንቡም ይብራራለት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዳያና ባውምሪንድ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምራ ያለችው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። እጮኛዬ ዝምተኛ ነው፤ ከአስተዳደጉ ይሆን?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ። እጮኛሽን አላውቀውም። እሱን ራሱን ጠይቂው።

የአራት ዓመቷ ልጅ እናት፦ አሁን ነገርኳት። ትንሽ አየችኝና «እሺ፣ አሻንጉሊቴን ፈልጊልኝ» አለች።

መልስ፦ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ ፈልጊላት።